እናትህ በሩን ከመክፈቷ በፊት

 

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን የቀራችሁ አንድ ቦታ ላይ አብረን ቆም እንበል። ወጣቶቹ ከረጅም እንቅልፋቸው ነቅተዋል፤ ርቧቸዋል። ከመካከላቸው አንዱን ብር አስይዘው ምግብ ገዝቶ እንዲመጣ ወደ ከተማ ይልኩታል። ሲልኩት ግን ዝም ብለው አይደለም። ንጹሑን ምግብ መርጦ እንዲያመጣ፣ በለዘብታና በጥንቃቄ እንዲሄድ፣ የእነሱን ነገር ለማንም እንዳያሳውቅ ይነግሩታል። እነዚህ ልጆች ኢማናቸውን አላህ ራሱ የመሰከረላቸው ናቸው። እንዲያም ሆኖ «ሂድ፣ አላህ አለ» ብለው ብቻ ወንድማቸውን አልሸኙትም። ከመውጣቱ በፊት አስጠኑት።

በየጁምዓው እንቀራዋለን። ብዙ ጊዜ ግን ልባችን የሚያርፈው ውሻቸው ላይና የዓመቱ ቁጥር ላይ ነው።

የዛሬው ነገሬ በተለይ አሜሪካ ላላችሁ ነው። ዋሽንግተን፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሲያትል፣ ኮሎምበስ፣ ዳላስ ላላችሁ። እናታችሁ፣ አባታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም አሳይለም ጠይቆ ቀጠሮ የሚጠብቅ የአጎታችሁ ልጅ አብሯችሁ ለሚኖር። አይስ የሚለው ስም ሲነሳ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ይቀንሳል፤ «ኢንሻአላህ እኛ ጋ አይመጣም» ተብሎ ወሬው ይቀየራል። ኢንሻአላህ አይመጣም። ቢመጣ ግን እናትህ ምን እንደምትል ታውቃለህ? እሷስ ታውቃለች?

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። እናትህ ያደገችው በር ሲንኳኳ «ማነው?» እና «ይግቡ» በአንድ ትንፋሽ በሚባልበት ቤት ነው። ደሴም ይሁን ጅማ፣ ሐረርም ይሁን ወራቤ፣ ሰውን ደጅ ላይ ማስቆም ነውር ነው። ቡና ተፈልቶ ከሆነማ የመጣው ሰው ሳይጠጣ አይሄድም። ሌላም ነገር እዚያው ተምራለች፤ የመንግሥት ሰው ሲጠይቅ ይመለስለታል። የቀበሌ ሰው መጥቶ ስም፣ የአባት ስም፣ ከየት መጣሽ፣ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው ሲል ዝም ማለት መዘዝ መጥራት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት፣ ገና የፈጅር ሶላት ምንጣፏን ሳታጥፍ በሩ ሲንኳኳ፣ ደረቱ ላይ «ፖሊስ» የሚል የለበሰ ሰው ቆሞ ስታየው፣ ትከፍታለች። ፈገግ ትላለች። የተወለደችበትን አገር ትነግረዋለች። «እዚህ ጋ ፈርሚ» ካላትም ትፈርማለች።

ይህን የምታደርገው መብቷን ስለማታውቅ ብቻ አይደለም። አደበኛ ስለሆነች ነው። ለአደጋ የሚያጋልጣት ጨዋነቷ ነው። ለዚህ ነው አንድ የመብት ዝርዝር በዋትሳፕ ልኮ «እማዬ አንብቢው» ማለት የማይበቃው። ወረቀት የስድሳ ዓመት አደብ አይቀይርም። ልጅ ግን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሊያስረዳት ይችላል።

ሕገ መንግሥት ከማለታችሁ በፊት ከምታምንበት ጀምሩላት። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኑር ምእመናን ከገዛ ቤታቸው ሌላ ወደ ሆነ ቤት ሳያስፈቅዱና በነዋሪዎቹ ላይ ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ ይከለክላል። ተመለሱ ከተባሉም እንዲመለሱ ያዛል፤ ይህ ለእነሱ የጠራ መሆኑንም ይነግራቸዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ ያልተፈቀደለት ሰው እንዲመለስ አስተምረዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ባለቤቱ ለምን አልፈቀድክም ተብሎ አይጠየቅም። የመመለስ ግዴታ የተጣለው ደጅ በቆመው ላይ ነው። እንግዳ ማክበር ሱና ነው፤ ቤትን መጠበቅም እንዲሁ። እናትህ በሯን ሳትከፍት «አልፈቅድም» ብትል ከአደብ አልወጣችም። ይህን ከልጇ አፍ ስትሰማ ብዙ ነገር ይቀልላታል።

የአሜሪካ ሕግም በራሱ መንገድ እዚያው ደርሷል። አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሰውን ቤት ከዘፈቀደ ፍተሻ ይጠብቃል። አምስተኛው ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ ያደርጋል። የአምስተኛው ቃል «ዜጋ» አይልም፣ «ሰው» ነው የሚለው። ሕጉ ሰው ሲል የውጭ ዜጋንም ይጨምራል ወይ የሚለው ክርክር አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ልብስ አጥቦ የሚያድር አንድ ዜግነት የሌለው ቻይናዊ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሶ፣ የሕግ እኩል ጥበቃ ለዜጎች ብቻ እንዳልሆነ አስወስኗል። እናትህ ከዚያ ልብስ አጣቢ አታንስም።

በተግባር ምን ማለት ነው? ቤት ውስጥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለመግባት ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ያስፈልጋል። አይስ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው ግን ዳኛ ያላየውን ወረቀት ነው። ቅጽ አይ-200 ወይም አይ-205 ይባላል፤ አናቱ ላይ የሆምላንድ ሴኩሪቲ ስም አለበት፣ የሚፈርመው የራሱ መሥሪያ ቤት መኮንን ነው። በዚያ ወረቀት ሰውየውን መንገድ ላይ ቢያገኘው ሊይዘው ይችላል። የፍርድ ቤቱ ማዘዣ ግን አናቱ ላይ የፍርድ ቤት ስም፣ ከግርጌው የዳኛ ፊርማ አለው። በእርግጥ የመጨረሻ የመባረር ውሳኔ ባለባቸው ሰዎች ላይ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ወረቀት ቤት መግባት እችላለሁ ብሎ መከራከሩ ተሰምቷል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ውሳኔ ያለበት ዘመድ ያላችሁ ነገ ሳትሉ ጠበቃ አነጋግሩ።

እማዬ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ አንብባ እንድትለይ አይጠበቅባትም። የእሷ ድርሻ ትንሽ ነው። በሩን ሳትከፍት ወረቀቱን በበሩ ስር እንዲያስገቡላት ወይም በመስኮት እንዲያሳዩዋት ትጠይቃለች፣ ፎቶ አንስታ ላንተ ወይም ለጠበቃው ትልካለች። ሰንሰለቱን ሳይፈቱ ገርበብ ማድረግም አያስፈልግም። አንዳንድ ጊዜ «አንድ ሰው እየፈለግን ነው፣ ፎቶውን እዪልን» ብለው ይመጣሉ። ፎቶ የሚታየው በር ተከፍቶ ነው፤ የተፈለገውም በሩ እንዲከፈት ሊሆን ይችላል።

ገፍተው ከገቡስ? አካሏን አታስገባ። በር ላይ አትታገል፣ አትሩጥ፣ የማንንም እጅ አትያዝ። አንተም እንደዚያው፤ ወጣት ነህና ደምህ ይፈላል፣ ግን አንድ ግፊያህ እሷ ላይ ነው የሚመለሰው። «አይ ዱ ኖት ኮንሰንት» የሚለውን ቃል ግን ጮክ ብላ ትናገር፤ አልፈቀድኩም ማለት ነው። ያ ቃል በዚያ ሰዓት ማንንም ላያቆም ይችላል። በኋላ ዳኛ ፊት ጠበቃዋ የሚይዘው ግን እሱን ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ዝም ማለት እውነትን መደበቅ አይሆንም ወይ? በምንኖርበት አገር ላይ ቃል ኪዳን የለብንም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ዲኑን የሚፈራ ሰው ጥያቄ ነው። አዎ፣ ቃል ኪዳን አለብን። ዝም የማለት መብት ግን ከሕጉ ማምለጫ አይደለም፣ ሕጉ ራሱ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለአማኝ ምላስ ያስቀመጡለት መንገድ ሁለት ነው፤ መልካም መናገር ወይም ዝም ማለት። ውሸት ሦስተኛ ሆኖ አልተጨመረም። መርየምን (ዐለይሃ ሰላም) አስታውሱ። ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ወገኖቿ ስትመለስ ጥያቄና ወቀሳ እንደሚጠብቃት ይታወቃል። ከእሷ የጠራ ሴት አልነበረም፣ የምትናገረውም እውነት ነበራት። የታዘዘችው ግን ዝምታን ነው፤ የምትናገረውን ሌላ ተናገረላት። ዝምታ የጥፋተኛ ምልክት ቢሆን ኖሮ ለመርየም አይታዘዝም ነበር።

ውሸት ግን በዱንያም በአኺራም ያጠፋል። አሜሪካዊ ሳይሆኑ «ዜጋ ነኝ» ማለት በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ ጥፋቶች አንዱ ነው፤ ሰውን ዕድሜ ልኩን ከግሪን ካርድ ሊያስቀር ይችላል። የሐሰት ወረቀት ማሳየትም እንደዚያው። የሰው መታወቂያ ይዞ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ቢያንስ ለእነሱ እንዳያሳየው ንገሩት። «የት ተወለድሽ?» የሚለው ጥያቄም እንደ ቀላል ጨዋታ የሚመስል ነው። ሰውየው የውጭ ዜጋ መሆኑን ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው፤ ብዙ ጊዜ ማስረጃው የሚገኘው ከዚያ ከአንድ መልስ ነው። ስለዚህ መልሱ «አይ ዋንት ቱ ስፒክ ቱ ኤ ሎየር» ነው። ጠበቃ ማነጋገር እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ሁሉም ቦታ ግን አንድ አይደለም። አባትህ ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ ከሆነ መንጃ ፈቃዱን፣ የመኪናውን ምዝገባና ኢንሹራንሱን ሲጠየቅ ያሳያል፤ መኪናው እንዲፈተሽ ግን አለመፍቀድ ይችላል። በአንዳንድ ስቴቶች ፖሊስ በሕግ አግባብ ያስቆመው ሰው ስሙን መናገር አለበት። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ደግሞ ካርዱን ይዞ የመንቀሳቀስ ግዴታ አለበት፤ «ይጠፋብኛል» ብላ ሻንጣ ሥር የደበቀችውን አውጡላት። መንገድ ላይ ከተያዘች «አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?» ትበል፤ መሄድ እችላለሁ ወይ ማለት ነው። አዎ ካሏት ቀስ ብላ ትሂድ። ሳዑዲም ኢማራትም ያላችሁ ወገኖቼ ይህን ሁሉ እዚያ እንዳትሞክሩት፤ የምናገረው የአሜሪካን ሕግ ነው፣ የእናንተ አገር ሌላ ነው።

አሁን ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ለሚመስለው ሰው የራሳችንን ታሪክ ላንሳ። በነቢይነቱ አምስተኛ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ሰሓቦች ወደ ሐበሻ መሰደዳቸውን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ ሰምተናል። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን መስጂዳቸውን «ፈርስት ሂጅራ» ያሉት ለዚህ ነው። የነጃሺን ፍትሕ እናወድሳለን፣ የጃዕፈርን ንግግር እንተርካለን። በመሃል ያለውን ግን እንዘለዋለን።

ኡሙ ሰለማ (ረዲየላሁ ዐንሃ) እዚያ ነበረች፣ የነገረችንም እሷ ናት። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ላኳቸው። ሁለቱ ቀጥታ ወደ ንጉሡ አልሄዱም። መጀመሪያ ለባለሟሎቹ ለእያንዳንዳቸው የመካን ቆዳ በስጦታ ሰጡ፤ ሰዎቹ ሳይጠየቁ እንዲሰጧቸው ንጉሡን እንዲመክሩላቸው ለመኗቸው። ሳይጠየቁ! ዐምር የፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ስደተኞቹ እንዲሰሙ አልፈለገም። በዛሬ ቋንቋ ዳኛ ሳያያቸው ይጫኑልን ነው ያለው። ባለሟሎቹም ተስማሙ። ነጃሺ ግን ተቆጣ፤ ወደ አገሩ የተጠጉትን ሰዎች ሳይሰማ አሳልፎ እንደማይሰጥ ተናገረ። አስጠራቸው።

መልእክተኛው ሲደርስባቸው ሰሓቦቹ ምን አደረጉ? ተሰበሰቡ። ስንቀርብ ምን እንላለን ብለው ተመካከሩ። የመጣው ይምጣ፣ የምናውቀውንና ነቢያችን ያዘዙንን እንናገራለን ብለው ወሰኑ። ሁሉም በየፊናው አልተናገረም፤ ጃዕፈር ተናገረላቸው። በማግስቱ ዐምር ሌላ ክስ ይዞ ሲመለስም እንደገና ተመካከሩ። አላህን የማያምኑ ሆነው ነው ሁለት ጊዜ የተመካከሩት? ጀነት የተመሰከረላቸው አሉባቸው እኮ! ተወኩል ያለው ሰው ነው ከመጠራቱ በፊት የሚዘጋጀው።

ዐምር ከባለሟሎቹ የፈለገውን ነገር ዛሬ እናትህ በገዛ እጇ ልትሰጥ ትችላለች። በፊርማ። በማቆያ ቤት ከሚቀርቡት ወረቀቶች አንዳንዱ በፈቃድ ከአገር ለመውጣት መስማማት ነው፤ አንዳንዱ ዳኛ ፊት የመቅረብን መብት ይተዋል። በእንግሊዝኛ ነው፣ ሰውየው ቸኩሏል፣ እሷ ደክሟታል፣ «ብትፈርሚ ቶሎ ያልቃል» ትባላለች። እውነትም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ጠበቃ ያላነበበውን ወረቀት አትፈርምም፤ በቃ።

ይህ ግሪን ካርድ ላላቸውም ነው። ብዙ ወላጆቻችን አገር ቤት ሄደው ይቆያሉ፤ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ሙቀቱም ይስማማቸዋል፣ ስድስት ወር ያልፋል። ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለብቻ ክፍል ይወሰዱና ቅጽ አይ-407 ይቀርብላቸዋል። ይህ ቅጽ ቋሚ ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ የሚል ነው። ያን መፈረም ግዴታ አይደለም። ያልፈረመ ሰው ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲታይለት የመጠየቅ መብት አለው። እናትህን ለዑምራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ስትሸኝ ከስንቁ ጋር ይህን ቁጥር አስይዛት፤ አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት።

እንግዲህ ማለማመዱን ከቡና በኋላ አድርጉት። እኔ የምለው ልክ እንደ ጨዋታ ነው። አንተ ውጭ ቆመህ ታንኳኳለህ፣ እሷ ውስጥ ናት። መጀመሪያ ትስቃለች፤ «ግባ አንተ፣ ብርድ ነው» ትላለች። ሁለተኛ ጊዜ ትረሳለች። ሦስተኛ ጊዜ ድምፅህን ወፈር አድርግ፣ በእንግሊዝኛ ተናገር፣ ያን ጊዜ ነገሩ ይገባታል። አባትህ «እኔን ታስተምረኛለህ?» ሊል ይችላል። እሱን በትእዛዝ አትጀምረው፤ «አባዬ፣ አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?» ብለህ ጠይቀው፣ ከመልሱ ተነሣ። ትንንሾቹንም አትርሱ፤ በር ሲንኳኳ ሮጦ የሚከፍተው ብዙ ጊዜ የሰባት ዓመቱ ልጅ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ለእናንተ ለልጆቹ። ከሆስፒታል እስከ ባንክ አስተርጓሚያቸው እናንተ ሆናችሁ አድጋችኋል። መኮንኑም ወደ አንተ ዞሮ «የት ነው የተወለደችው? መቼ ገባች?» ሊልህ ይችላል። አፍህ ከልማድ የተነሣ ይመልሳል። አትመልስ። ጠበቃ ትፈልጋለች በል፣ አስተርጓሚ ትፈልጋለች በል። አስተርጓሚው ደግሞ በሚገባት ቋንቋ ይሁን፤ አማርኛም፣ ስልጢኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሐረሪም ሊሆን ይችላል። ስሟ ፋጡማ ስለሆነ ብቻ ዐረብኛ አስተርጓሚ ቢመደብላት «ገብቶኛል» ብላ እንዳታልፍ። «አልሐምዱሊላህ» ማለት ዐረብኛ መቻል አይደለም።

ወጣትነታችሁ እዚህ በር ላይ ሲፈተን አስማእ ቢንት አቢበክርን (ረዲየላሁ ዐንሃ) አስቡ። ነቢያችንና አባቷ መካን ለቀው በወጡበት ጊዜ አቡ ጀህልን ጨምሮ የቁረይሽ ሰዎች ቤታቸው መጥተው «አባትሽ የት አለ?» አሏት። የት እንዳለ አላውቅም ብላ መለሰች። አቡ ጀህል የጆሮዋ ጉትቻ እስኪወድቅ በጥፊ መታት። ማንንም መኮንን ከአቡ ጀህል ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም፤ ሥራውን ብቻ የሚሠራ ሰው አለ፣ ሰብዓዊነት ያለውም አለ። የማነሣው እሷን ነው። ደጅ ላይ ኃይለኛ ሰው ቆሞ አባቷን ሲጠይቅ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፣ የማታውቀውንም አልፈጠረችም።

ስለ መስጂድም ላንሳ፤ ብዙ ሰው ስለሚጨነቅ። በአምልኮ ቦታ፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ላይ የነበረው የቀድሞ የአሠራር ገደብ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ተነሥቷል። ይህ ማለት መስጂድ በር የለውም ማለት አይደለም። ኮሚቴው ማን በር ላይ እንደሚያናግር፣ የትኛው ክፍል ለሕዝብ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ አስቀድሞ ይወስን። ከፍርሃት የተነሣ ጁምዓ ስለሚቀር ሰውም ቶሎ አትፍረዱ፤ ፉቀሃዎች እውነተኛ ፍርሃትን ከዑዝር ቆጥረውታል። ዝርዝሩን የየመስጂዳችሁን ዓሊሞች ጠይቁ።

ቢያዝስ የምንወደው ሰው? ያን ቀን የሚፈለገው ሁሉ አስቀድሞ ወረቀት ላይ መኖር አለበት። በኢሚግሬሽን ጉዳይ መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም፣ የሚቆመው በራሱ ወጪ ነው። ስለዚህ ዛሬ ነው የሚፈለገው። ጠበቃ ስል ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም ከፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና ያለው ወኪል ማለቴ ነው። ከሬስቶራንቱ ጀርባ ቅጽ የሚሞላው ጉዳይ አስፈጻሚ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን ዳኛ ፊት አይቆምም፣ በስህተት የሞላውም ቅጽ የሚቀመጠው በእናትህ ስም ነው። ስልኳ ይወሰዳልና የጠበቃውንና ያንተን ቁጥር በቃሏ ትያዝ። ሱረቱል ሙልክን በቃሏ የያዘች ሴት አሥር ቁጥር አያቅታትም።

ከዚያ «ኤ ነምበር» የሚባለው አለ። በኢሚግሬሽን ወረቀቷ ላይ በኤ ፊደል የሚጀምር ቁጥር ነው። አይስ የያዛቸው ሰዎች የሚፈለጉበት የኢንተርኔት መፈለጊያ አለ፤ በዚህ ቁጥርና በትውልድ አገር፣ ወይም በስምና በትውልድ አገር ይሠራል። በስም መፈለግ ለእኛ ፈተና ነው። መሐመድ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል? አንዱ ወረቀት ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሆኗል፣ ሌላው ላይ የአባት ስም። አንድ ፊደል ብትለይ «የለም» ይላል፤ ቤተሰብም እናቱ የት እንዳለች ሳያውቅ ይቀመጣል። ቁጥሩ ግን አይሳሳትም። በፓስፖርቷ ላይ ያለውን የስም አጻጻፍ ከቁጥሩ ጎን ጻፉት። የምትወስደውን መድኃኒት ስም፣ ትንንሾቹን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣ፣ የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል አክሉበት። ለራስህ አንድ ቅጂ፣ ለምታምነው ዘመድ አንድ ቅጂ። በፌስቡክ አትለጥፈው፣ የማንንም ጉዳይ በግሩፕ ውስጥ አታውራ፤ የሰው ጉዳይ አማና ነው።

በጊዜያዊ ከለላ፣ ቲፒኤስ በሚባለው፣ ያሉ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. በ2022 ለኢትዮጵያውያን ከተሰጠ ወዲህ ብዙ ተለዋውጦባቸዋል። እነሱ ደግሞ ከወሬ ሳይሆን ከጠበቃ፣ ያውም በየጊዜው እየጠየቁ ይሂዱ።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ያለችው ሰዓት ዱዓ የሚሰማባት ናት ተብሎ የሚከጀልባት ሰዓት ናት። በማቆያ ቤት ሆነው ቂብላው ወዴት እንደሆነ የጠፋባቸውን፣ ልጆቻቸው ቤት በር በሩን የሚያዩባቸውን እናቶችና አባቶች በስማቸው እያነሳችሁ ዱዓ አድርጉላቸው። ያ አላህ፣ ለታሰሩት መውጫ፣ ለሚጠብቁት ሰብር፣ ለሚፈርዱት የነጃሺን ልብ ስጥ። አሚን።

ከመግሪብ በኋላ ደግሞ ያን ወረቀት ጻፉ። እናትህ ሌላ ከተማ ከሆነች ደውልላት፤ ቁጥሩ ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ የድሮው ፓስፖርት ውስጥ የታጠፈው ደብዳቤ ላይ ሳይኖር አይቀርም።